የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መጠጥ፤ ወንዱ እንዴት ይጠጣል? ሴቷስ?

ወንድ ከሴት ይልቅ መጠጥ ያበዛል ቢባል የሚደነቅ ሰው አይገኝም። ነገሩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ጠላውን የምትጠምቀው፣ ጠጁን የምትጥለው፣ አረቄውንም የምታወጣው ሴት ስትሆን፣ ጠጅ ቤት ገብቶ ብርሌውን ጨብጦ የሚቀመጠው ግን ወንድ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የቆየ ዕውቀት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚኖሩት ወጣቶች ሲሆን እውነትነቱ በግማሽ ብቻ ነው። ምን ያህል ይጠጣሉ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ የጠጡት በሰውነታቸው ውስጥ ምን ያደርጋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከሰከሩ በኋላ በአጠገባቸው ያለው ሰው እንዴት ያያቸዋል የሚለው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በሌሊት ተረኛነት ካየነው ስንናገር፣ ወጣቶቹን ከሞት አፋፍ የሚያደርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሦስተኛው ነው።

ቍጥሩ የሚለው

በተማሪዎች አጠጣጥ ላይ ከተደረጉት ሰፊ ጥናቶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በአሜሪካን አገር የየል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የነበሩት የሮበርት ስትራውስና የሰልደን ቤከን ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች በ27 ኮሌጆች ውስጥ ከ15 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ጠይቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት መጽሐፍ ከመቶ ወንዶች 79ኙ፣ ከመቶ ሴቶች 61ዱ መጠጥ የሚጠጡ መሆናቸውን ገለጹ። በዚያ ዘመን የሴቶቹ ቍጥር ለብዙ ወላጆች ከባድ ወሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ዌክስለር ከባልደረቦቹ ጋር በ140 ኮሌጆች ከ17 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ጠየቀ። ጥያቄው ግን ተለውጦ ነበር። «ትጠጣለህ ወይስ አትጠጣም?» በማለት ፈንታ «ባለፉት ሁለት ሳምንቶች ውስጥ በአንድ ጊዜ ተቀምጠህ አብዝተህ ጠጥተሃል ወይ?» የሚል ሆነ። ከመቶ ወንዶች 50ው፣ ከመቶ ሴቶች 39ኙ «አዎን» የሚል መልስ ሰጡ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ «አብዝቶ መጠጣት» የተባለው ለወንዱ 5 መጠጥ ሲሆን ለሴቷ 4 ነበር። ስለ ምን ለሴቷ በአንድ እንደ ተቀነሰላት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በብዙ አገሮች የተደረጉትን 68 ጥናቶች አንድ ላይ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ልዩነቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበበ መምጣቱን ያሳያል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከተወለዱት ሰዎች መካከል ወንዱ ጠጪ ሆኖ የመገኘቱ ነገር ከሴቷ 2.2 ጊዜ ይበልጥ ነበር። በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ገደማ በተወለዱት ዘንድ ግን 1.1 ጊዜ ብቻ ሆነ፤ ይህም ማለት እኩል ሊሆኑ ጥቂት ቀርቷቸዋል። እኛም በባሕር ማዶ ትምህርታችንን በተከታተልንበት ጊዜ ዓርብ ማታ በተማሪዎች መኖሪያ የሚሆነውን ስለ ተመለከትን፣ በዚህ ቍጥር አልተደነቅንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ልዩነቱ ገና ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወታቸው ዘመን መጠጥ ጠጥተው የሚያውቁት ከመቶ ወንዶች 46ቱ፣ ከመቶ ሴቶች 35ቱ ነበሩ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ በየጊዜው የሚደረጉት ጥናቶችም ወንዱ ከሴቷ አብልጦ እንደሚጠጣ በአብዛኛው ይስማማሉ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የተገኙት በመጠይቅ መሆኑ አይዘንጋ። ወንዱ ሦስት ጠጥቶ አምስት ጠጣሁ ቢል በጓደኞቹ ፊት አያፍርም፤ ሴቷ ሦስት ጠጥታ ምንም አልቀመስኩም ብትል ደግሞ ማንም አይጠራጠራት። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሚታየው ስፋት ከፊሉ የአጠጣጥ፣ ከፊሉ የይሉኝታ ልክ ነው ብለን እናምናለን።

እኩል መጠጣት እኩል መስከር አይደለም

አሁን ለሴቷ ስለ ምን አራት፣ ለወንዱ ስለ ምን አምስት እንደ ተባለ እንመልከት። አልኮል ከሆድ ወደ ደም ከገባ በኋላ የሚሰራጨው ውሃ ባለበት የሰውነት ክፍል ሁሉ ነው፤ ወደ ስብ ግን እምብዛም አይገባም። በወጣት ወንድ ሰውነት ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ በሴቷ ውስጥ ግን ወደ 50 ይጠጋል። አንድ ጭልፋ በርበሬ በትልቅ ድስትና በትንሽ ድስት ውስጥ ቢጨመር ወጡ በየትኛው ይበልጥ እንደሚያቃጥል ለእናቶቻችን መንገር አያስፈልግም።

ስዊድናዊው ሊቅ ኤሪክ ዊድማርክ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራ ይህን ልዩነት በቍጥር ለክቶ ለወንድ 0.68፣ ለሴት 0.55 አለው። በዚህ መለኪያ አንድ ሒሳብ እንሥራ። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ በባዶ ሆዳቸው ሦስት ሦስት ጠርሙስ ቢራ ቶሎ ቶሎ ጠጡ እንበል። ጠርሙሱ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ የቢራውም ጥንካሬ ከመቶ 5 ቢሆን፣ እያንዳንዳቸው 39 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ወስደዋል። ጉበት ማቃጠሉን ከመጀመሩ በፊት በወንዱ ደም ውስጥ ለኪሎ ግራም 0.96 ግራም፣ በሴቷ ደም ውስጥ ግን 1.18 ግራም ይገኛል። ወንዱ እርሷ ከደረሰችበት ለመድረስ አራተኛውን ጠርሙስ ሊጨርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መጠጣት አለበት። ልጅቷ ደግሞ 50 ኪሎ ብቻ ብትሆን፣ በደሟ ውስጥ የሚገኘው 1.42 ግራም ይሆናል፤ ይህም ለ60 ኪሎው ወንድ የአራት ጠርሙስ ተኩል ስካር ነው። አብረው የተቀመጡት ጓደኞቻቸው ግን «ሁለቱም ሦስት ሦስት ነው የጠጡት» ይላሉ።

በዚህ ላይ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። አልኮል ወደ ደም ከመግባቱ በፊት ጥቂቱ በጨጓራ ግድግዳ ላይ በሚገኝ ኤንዛይም ተፈጭቶ ይጠፋል። የኢጣሊያና የአሜሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ምርመራ የዚህ ኤንዛይም ሥራ በሴቶች ጨጓራ ውስጥ ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። እንግዲህ ሴቷ ቶሎ መስከሯ የልምድ ማነስ ወይም የጠባይ ድካም ሳይሆን የሰውነት አሠራር ነው። «ትለምደዋለች» የሚለው ምክር ከንቱ ነው፤ የለመደ ሰው መስከሩ እምብዛም አይታወቅበትም እንጂ በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል አይቀንስለትም።

በዚህ ረገድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘው ነገር በጣም የሚያስተምር ነው። ከ700 በላይ ተማሪዎች ስለ ትዝታ መቋረጥ ተጠየቁ። የትዝታ መቋረጥ የምንለው ሰውየው እያወራና እየተራመደ ሳለ በማግስቱ ግን ያደረገውን ሁሉ ፈጽሞ የማያስታውስበት ሁኔታ ነው፤ አልኮሉ በፍጥነት ወደ ደም ሲወጣ በአንጎል ውስጥ አዲስ ነገርን የሚመዘግበው ክፍል ሥራውን ያቆማልና። ጠጥተው ከሚያውቁት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽ ያህሉ ይህ ደርሶብናል አሉ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ ደጋግመውና አብዝተው የሚጠጡ ሆነው ሳለ፣ የትዝታ መቋረጡ ግን በሴቶቹ ላይ ከወንዶቹ ባላነሰ መጠን ደርሶ ተገኘ። ያነሰ ጠጥተው እኩል ተጐዱ ማለት ነው።

አንባቢ በቢራ ጠርሙስ ብቻ እንዳይለካ ስለ አገር ቤቱ መጠጥ ጥቂት እንጨምር። ጠላ ብዙ ጊዜ ጥንካሬው ከመቶ ከ2 እስከ 4 ስለ ሆነ ቀላል ነው ይባላል፤ ነገር ግን አንድ ሊትር መካከለኛ ጠላ ወደ ሁለት ጠርሙስ ቢራ የሚጠጋ አልኮል አለው። ጥንካሬው ከመቶ 10 የሆነ ጠጅ በሩብ ሊትር 20 ግራም ያህል ይይዛል። ጥንካሬው ከመቶ 40 የሆነ አረቄ ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር በምትይዝ መለኪያ አንድ ጊዜ ሲጨለጥ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ቢራ እንደ መጠጣት ነው። አረቄው በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል፤ ቢራው ግን ሆድ ይነፋልና ጊዜ ይወስዳል። ገንዘብ ያነሰው ተማሪ ደግሞ የሚሄደው ወደ አረቄው ነው።

በአደባባይና በጓዳ

ወንዱ ተማሪ የሚጠጣው በአደባባይ ነው። ከግቢው በር ፊት ለፊት በተደረደሩት ግሮሰሪዎችና ድራፍት ቤቶች ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። እዚያ የሚገዛው ሕግ የዙር ሕግ ነው። አምስት ሆነው ከተቀመጡ አምስቱም በየተራ ለሁሉም ማዘዝ አለባቸው፤ በሁለተኛው ዙር የሚነሣ ንፉግ ወይም ፈሪ ይባላል። ስለዚህ ሁለት ጃምቦ ብቻ ሊጠጣ የወጣው ልጅ አምስት ጠጥቶ ይመለሳል፤ ይህንንም ያደረገው ጠምቶት ሳይሆን ተራው እስኪደርስ ሲጠብቅ ነው። በፈተና ማግስት፣ በመቶኛው ቀን በዓል፣ በምረቃም ሰሞን ዙሩ ይበዛል። ከታላላቆቹ ጋር ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሁሉ ይልቅ ይጐዳል፤ «አልፈልግም» ለማለት ገና ስም አላተረፈምና። (ለዚህ ልጅ መጠጥ መሸጥ ራሱ የተከለከለ መሆኑን ባለ ግሮሰሪው ሊያውቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎችም አብዛኞቹ 21 አልሞላቸውም።)

ጫት የሚቅመው ተማሪ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ሲያጠና ውሎ እንቅልፍ እንቢ ሲለው ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፤ ይህንንም ተማሪዎቹ ጨብሲ ይሉታል። ጫቱ የስካሩን ድብታ ስለሚሸፍነው ልጁ መስከሩ ሳይታወቀው ይጠጣል፤ የጫቱ ኃይል ሲለቀው ግን የመጠጡ ክብደት በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። ይህ ልማድ ከወንዶቹ ዘንድ ይበዛል።

ሴቷ የምትጠጣው ግን ብዙውን ጊዜ ተሸሽጋ ነው። ግሮሰሪ ተቀምጣ ብትታይ ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ግቢ ይደርሳልና፣ መጠጡ በቦርሳ ተደብቆ፣ በለስላሳ ጠርሙስ ተደባልቆ ወደ ዶርም ይገባል። የመሸሸግ ጠንቁ ብዙ ነው። አንደኛ ነገር መጠኑ አይታወቅም፤ ከስፕራይት ጋር የተቀላቀለ ጂን ስንት መለኪያ እንደ ሆነ የቀላቀለችውም ልጅ አታውቀው። ጣፋጭነቱ ደግሞ አልኮሉን ይደብቀዋል። ከዚህም ሌላ፣ ተሸሽጎ የሚጠጣ ሰው በጥድፊያ ይጠጣል፤ በሩ ሳይዘጋ፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ ለመጨረስ ይቸኩላል። ከላይ እንደ ተመለከተው የሴቷን ሰውነት ከሁሉ አብልጦ የሚጐዳው ይኸው ጥድፊያ ነው። እንግዲህ ይሉኝታ የምትጠጣበትን ቀን ቍጥር ቢቀንስላትም፣ የምትጠጣበትን ቀን አደገኛ ያደርግባታል።

ወደ ግብዣ ስትወጣም ብዙ ጊዜ ጋባዡ ወንድ ነው፤ የእርሷን ብርጭቆ የሚሞላው እጅም የእርሱ ነው። በዚህ ጊዜ የሚደርሰውን የመደፈር አደጋ በለዘበ ቃል ማለፍ አይገባም። ጥፋተኛው የደፈረው ሰው ነው፤ ልጅቷ ጠጥታ መገኘቷ ለእርሱ ማመካኛ አይሆነውም። ይህ የደረሰባት ተማሪ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይም 72 ሰዓት ሳያልፍ፣ ወደ ሆስፒታል ትምጣ። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፤ እርግዝናን የሚከላከለውም መድኃኒት ቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። የማታስታውሰው ነገር ካለ «አላስታውስም» ብትል በቂ ነው።

ማፈርና መልመድ

ከሥራችን ሁለት ነገሮችን እንናገር። አንድ ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሦስት ሴት ተማሪዎች ራሷን የሳተች ጓደኛቸውን ተሸክመው መጡ። ሲጠየቁ «ታይፎይድ ነበረባት፤ ከእራት በኋላ ወደቀች» አሉ። የመጠጥ ሽታ እንዳይሰማ ልብሷን ለውጠው፣ አፏንም አጥበው ነበር። የወባ ምርመራ ተደረገላት። ማጅራት ገትር ይሆናል ተብሎም ከጀርባዋ ፈሳሽ ለመቅዳት መርፌ ተዘጋጀ። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ከሦስቱ አንደኛዋ በኮሪደር ላይ አልቅሳ እውነቱን ተናገረች። በዚያን ጊዜ የታመመችው ልጅ በጀርባዋ ተኝታ ስለ ቆየች ያስመለሳት ወደ ሳንባዋ መግባት ጀምሮ ነበር። እግዚአብሔር ረድቷት ዳነች። ጧት ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «አባቴ ሰምቷል ወይ?» ብላ ነው።

ሁለተኛው ወንድ ተማሪ ነው። ይህን ልጅ ማንም አልሸሸገውም። ዓርብ ማታ ሰክሮ ከደረጃ ላይ መውደቁን ጓደኞቹ ሁሉ አይተዋል፤ ሥቀውም አንሥተውታል። «ዛሬስ በዛበት፤ ተኝቶ ይለቀዋል» ብለው አልጋው ላይ አጋደሙት። ሲያንኰራፋ ሰምተው ደኅና ነው አሉ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አልነቃ ሲላቸው ይዘውት መጡ። የአንደኛው ዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ነበር፤ ይኸውም በራስ ቅሉ ውስጥ ደም መፍሰሱን ያመለክታል። ቀዶ ሕክምና ወደሚደረግበት ሆስፒታል በመወሰድ ላይ ሳለ በመንገድ ሕይወቱ አለፈች።

ለእኛ በወንዱና በሴቷ አጠጣጥ መካከል ከሁሉ የሚከብደው ልዩነት ይህ ነው። ሴቷን ጓደኞቿ አፍረውባት ይሸሽጓታል፤ ወንዱን ጓደኞቹ ለምደውት ይተዉታል። ሁለቱም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። የወንዱ መለመድ ደግሞ ቍጥሩ እጅግ የበዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው እ.ኤ.አ. በ2019 በመጠጥ ምክንያት ከሞቱት 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ውስጥ 2 ሚሊዮኑ ወንዶች ነበሩ፤ ከመጠጥ ጋር የተያያዘው የሞት ድርሻም ከሁሉ በልጦ የተገኘው ከ20 እስከ 39 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ነው። ይህም ዕድሜ የተማሪነትና የአዲስ ሥራ ዘመን ነው። ስለ ሴት ልጅ መጠጣት ብዙ የሚናገሩ ወላጆች ስለ ወንድ ልጃቸው «ወንድ ልጅ ነው፤ ይጠጣል» ብለው ሲያልፉ ስንሰማ ይህን ቍጥር ልናሳያቸው እንወዳለን።

በረጅም ጊዜ ስለሚመጣው ጉዳት በአጭሩ እንለፍ፤ የጉበት በሽታ በሴቷ ላይ በጥቂት መጠጥና በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ መጠጥ የጡት ካንሰርን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ለፅንሱ የማይጐዳ ነው ተብሎ የታወቀ መጠን የለም። ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን የሚያውቁት ሳምንቶች ካለፉ በኋላ ስለ ሆነ ይህ ለተማሪዋም የሚገባ ነገር ነው።

አብሮ የሚያድር ሰው ሊያደርገው የሚገባ

በዶርም ውስጥ የሰከረ ሰው ሲያጋጥም በመጀመሪያ ማንቃት ነው። ስሙን ጠርታችሁ፣ ትከሻውን ነቅንቃችሁ፣ የጆሮውን ጫፍ ቈንጥጣችሁ ካልነቃ ይህ እንቅልፍ አይደለም። አተነፋፈሱን በሰዓት ቍጠሩት፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ8 ጊዜ ያነሰ ከሆነ፣ ወይም በአንዱና በሌላው ትንፋሽ መካከል ከ10 ሴኮንድ በላይ ካለፈ፣ ወይም ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቈረ፣ ሰውነቱም ከቀዘቀዘ፣ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። የግቢው ክሊኒክ የሚቀርብ ከሆነ ሁለት ሰው ከታማሚው ጋር ይቆይ፣ አንዱ ይሩጥ። ከወደቀ ወይም ራሱን ከተመታ ደግሞ ቢነቃም እንኳ ይመርመር።

እስከዚያው ድረስ በጎኑ አስተኙት። የላይኛውን ጕልበት አጥፋችሁ ወደ ፊት አውጡት፤ የላይኛውን እጅ ከጕንጩ ሥር አድርጉለት፤ ራሱን ጥቂት ወደ ኋላ ቀና አድርጋችሁ አፉን ወደ መሬት አዘንብሉት፤ ቢያስመልሰው ወደ ውጭ እንዲፈስ ነው። ብቻውን አይተው። ቡና፣ ሎሚ ወይም ተልባ አታጠጡት፤ ራሱን ላልተቈጣጠረ ሰው የሚሰጥ ማናቸውም ነገር ወደ ሳንባ ይገባል። በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብም ሰውነቱን ያበርደዋል እንጂ ስካሩን አያበርደውም። ጉበት የሚሠራው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ከላይ ያሰላነው የሴቷ 1.18 ግራም ከደም ፈጽሞ እስኪወጣ 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህንንም የሚያፋጥን የቤት መድኃኒት የለም።

ሕክምና ቦታ ስትደርሱ ለተረኛው የምትነግሩት ይህ ነው፤ ምን እንደ ተጠጣ፣ ስንት እንደ ተጠጣ፣ መጠጣት መቼ እንደ ተጀመረ፣ ጫት ወይም ኪኒን ተጨምሮበት እንደ ሆነ፣ ወድቆ ወይም ወድቃ እንደ ሆነ፣ ሴት ከሆነች እርጉዝ ልትሆን ትችል እንደ ሆነ። የታማሚው ምስጢር በሐኪም ዘንድ የተጠበቀ ነው፤ ታማሚዋ አካለ መጠን የደረሰች እንደ ሆነ ያለ ፈቃዷ ለአባቷ የሚደውል ሐኪም ሥራውን የሚያውቅ አይደለም። የተጠጣበትም ጠርሙስ ከተገኘ አብሮ ይምጣ። በተለይም ከየት እንደ ወጣ ያልታወቀ አረቄ ከሆነ በውስጡ ሜታኖል ሊኖር ይችላል፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ ሐኪሙ ቶሎ ከጠረጠረ ግን ሕክምናው አለው።